ለእንግዶች ቀን የተዋስናቸው ሴት ተማሪዎች

ለክቡር አቶ ገብረኪዳን፣
የማኅበራችን ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ በትርፍ ጊዜያቸውም ወላጅ አባቴ፤
ጋቦዴ፣ ጅቡቲ

ክቡርነትዎ በዚህ ሙቀት እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ደም ግፊትዎና የሳሎኑ ማራገቢያ ሁሉም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኔም ማራገቢያው በማይደርስበት ክፍል፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ኅሊናዬን የከበደው ኃጢአት አለና በአደባባይ ልናዘዝ። ባለፈው ሳምንት ለውጭ እንግዶች ከተዘጋጀው ሳምቡሳ የጎደለውን የበላችው ድመቷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ። ድመቷ በሐሰት ተከሳ ከግቢ ተባርራለችና ስሟ እንዲታደስላት አመለክታለሁ።

ደብዳቤዬም ስለዚያው የእንግዶች ቀን ነው። ዓለም ሴትና ወንድ ልጆችን እኩል ትምህርት ቤት ወደ ማስገባቱ እየተቃረበ መሆኑ በሬዲዮ ሲነገር፣ የእኛንም ትምህርት ቤት ሊያዩ እንግዶች እንደሚመጡ ሲሰማ፣ ኮሚቴዎ እንደ ልማዱ ጫቱ ከደረሰ በኋላ ተሰበሰበ። ዓለም ስንት ዘመን የደከመበትን ነገር እናንተ በአንድ ምርቃና ጨረሳችሁት፤ ሴት ተማሪ ካነሰ ከየቤቱ ሠራተኛ መዋስ፣ ወንድ ከበዛ ደግሞ ለቀኑ መደበቅ! ለዚህ ጥበብዎ ምስጋናዬ ቁጥር የለውም። ቅሬታዎቼ ግን ቁጥር አላቸው።

፩. ክቡርነትዎ ቸርነት አበዙ። አንዱ የኮሚቴ አባል አንዲት ሠራተኛ ሲያመጣ፣ ሌላው «እኔ ከእሱ አንሼ ነው?» ብሎ የጎረቤቱን ጨምሮ መጣ፤ ወንዶቹ ልጆች ደግሞ ከአገር ቤት ጭነት ይዘው የመጡ ካሚዮኖች ጥላ ሥር ካርታ ሲጫወቱ ዋሉ። እንግዶቹ ሲገቡ ክፍሉ ሙሉ ሴት ሆኖ ጥግ ላይ ሁለት ወንዶች ተቀምጠው ቢያዩ ልባቸው ተሰበረ። በዚህ ትምህርት ቤት ወንዶች ወደ ኋላ ቀርተዋል ብለው፣ እኛ ሴቶቹ ዓመት ሙሉ ስንለምነው የኖርነውን ኳስ ለተጎዱት ወንዶች ሰጥተው ሄዱ። ተጎጂዎቹ አሁን ምሽቱን በሙሉ ግድግዳችን ላይ እየመቱት ነው።

፪. ጎረቤታችን ቤት የምትሠራው ፋጤ የሁለት ልጆች እናት ስትሆን፣ በክቡርነትዎ ትእዛዝ አራተኛ ክፍል ተቀመጠች። እንግዳዋ ሴትዮ ጎንበስ ብለው «ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ሲሏት፣ «ማረፍ» አለች። አስተርጓሚው ትንሽ አሰበና በፈረንሳይኛ «ሐኪም» አለላት። ተጨበጨበላት።

፫. ይህ ቅሬታ የእናቴ የወይዘሮ ዘቢደር ስለሆነ በቃል፣ ምናልባትም በጩኸት ይቀርብልዎታል።

፬. እዚህ ላይ ሳቄን ልዋጠው። ኻሊዳ በቤታችን የምትሠራ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል የምታድር፣ በአንድ ዓመት ብቻ የምትበልጠኝ ልጅ ናት፤ ይህን የምነግርዎ ሻይ ሲያምርዎ ካልሆነ በቀር ስለማያዩዋት ነው። ለዚያች ቀን የእኔን አሮጌ ዩኒፎርም አልብሰው አስቀመጧት። መምህር ክፍሌ ዝናብ እንዴት እንደሚፈጠር ያስተምሩ ነበር፤ ይህ በጅቡቲ እንደ ተረት የሚሰማ ትምህርት ነው። ባሕሩ ተነነ፣ ደመናው ተሣለ፣ ዝናቡ ሳይወርድ ደወሉ ተደወለ። ከዚያ ወዲህ ሰሃን ስታጥብም፣ ልብስ ስታሰጣም፣ «ፀደይዬ፣ ከዚያስ?» ትለኛለች። እኔ በዚያ ሰዓት ሳምቡሳው ዘንድ ስለነበርሁ የምመልስላት የለኝም።

መምህሩን ብትጠይቃቸው፣ «ቦታማ አለ፤ የሊቀመንበሩን ፊርማ ይዘሽ ነይ» አሏት። እርሷም ሻይዎን አቅርባ፣ «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት ብማርስ? ሥራውን ከሰዓት እደርስበታለሁ» አለችዎ። ክቡርነትዎ የመለሱላትን ቃል ታሪክ እንዳይረሳው እዚህ እመዘግበዋለሁ፦ «እንግዶቹ እኮ ሄደዋል!» ቀጥሎም ከሁሉ የሚከብደውን የሀገር ጉዳይ አነሡ፦ «ቁርሱንስ ማን ሊሠራው ነው?»

ልጅቱ ብርጭቆዎን አንሥታ ወጣች። ሌሊቱን ግን አላለቀሰችም ብዬ ብዋሽልዎ ከሳምቡሳው የባሰ ኃጢአት ይሆንብኛል።

የዘንድሮው ምዝገባ ዛሬ ይዘጋል። ስለዚህ ያ ለጉብኝት ቀን የተረፈ እኩልነትዎ አንዲት ፊርማ እንዲያወጣ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ለሴት ልጆች ትምህርት፣ ለግማሽ ቀንም ቢሆን፣ ላደረጉት ተጋድሎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ምርቃናዎ እንዲረዝም፣ ውሳኔውም ከምርቃናው በኋላ እንዲተርፍ እየተመኘሁ፣

ታዛዥ (ሲነቁ የሚያገኟት) ልጅዎ፣
ፀደይ ገብረኪዳን

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ በር፤
ለወይዘሮ ዘቢደር (አንብበው «አንሷል» ብለዋል)።

ማስታወሻ፦ ደብዳቤው በሩ ላይ ስለሚለጠፍ ክቡርነትዎ ሊገነጥሉት መምጣትዎ አይቀርም። ሲመጡ እስክሪብቶ አይርሱ። ኻሊዳን እናቴ በማለዳ ወደ ትምህርት ቤቱ በሚያልፈው የቡላኦስ ሚኒባስ አሳፍራታለች፤ ይህን ጊዜ ክፍል ውስጥ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ማስወጣት ከፈለጉ እጇን ይዘው ያስወጧት እርስዎ ራስዎ ይሁኑ፤ ስለ ሴቶች ትምህርት ለእንግዶቹ ያሰሙትን ንግግርም ልጆቹ ሁሉ እያዩ በድጋሚ ያሰሙልን። ቁርሱን በተመለከተ ደግሞ…

«ፀደይ! አንቺ ፀደይ! ኻሊዳ የት ገባች? ይሄ ምድጃ እንዴት ነው የሚለኮሰው?»

ክቡርነትዎ፣ ድምፅዎ የሚመጣው ከወጥ ቤት ነው። ክብሪቱ በስተግራዎ ነው፤ እንኳን ደህና መጡ።