የቤዛ ላፕቶፕና አራቱ ሊኑክሶች

ሰኞ

አጎቴ ዛሬም «ፎርማት ይደረግ» አለ። ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ለሱ ግን እንደ ልብስ እጥበት ነው፤ ላፕቶፑ ንጹሕ ሆኖ እነዋሪ ላለችው ልጁ ይደርሳል። እህቴ ቤዛ ካረፈች ሠላሳ አንድ ቀን ሆናት። ዩኒቨርሲቲ እያለች ያነሳቻቸው ፎቶዎች፣ የቀዳችው ድምጿ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ዊንዶውሱ ደግሞ አልነሳ ካለ ሁለት ሳምንት አለፈው። «ቅዳሜ ወደ እነዋሪ ስመለስ ሱቅ አሠርቼው ይዤው እሄዳለሁ» አለ አጎቴ። አምስት ቀን አለኝ።

ማክሰኞ

የክፍሌ ልጅ ያሬድ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር ስለሚያስነሳው ሊኑክስ ነገረኝ። ከፍላሽ ይነሳል፤ ሳይጫን ይሞከራል፤ የነበረውን ሳይነካ ፋይሎቹን ያሳያል። ግን አንድ አይደለም፤ ዓይነቱ ተቆጥሮ አያልቅም! ለይቼ ለይቼ አራት አስቀረሁ።

ኡቡንቱ፦ ሰው ሁሉ ያወራለታል። የቤዛ ላፕቶፕ ሜሞሪ አራት ጊጋ ነው፤ ይከብደው ይሆን?
ዞሪን፦ ዊንዶውስ ይመስላል። እማዬም አትደናገርበትም።
ሉቡንቱ፦ ቀላል ነው፤ ሜሞሪ አይፈጅም። መልኩ ደስ አላለኝም።
ሚንት፦ መጥፎ የሚናገርበት ሰው አጣሁ። እሱም አጠራጠረኝ።

የሒሳብ የቤት ሥራ አልሠራሁም።

ረቡዕ

ጠዋት ዞሪን አልኩ። በዕረፍት ሰዓት ኡቡንቱ። ያሬድ «ሚስት ነው እንዴ የምታጨው? አንዱን ያዝና እንገላገል!» ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ምን አለበት፤ ቢሳሳት የሚጠፋበት ነገር የለም።

የአይሲቲ መምህራችንን ጠየቅኩ። «ለጀማሪ ሚንት ይበቃሃል። ስሙ አያስጨንቅህ፤ ሲጫን የሚጠይቅህን አንብብ። ዲስኩን ላጥፋው ካለህ እሺ እንዳትል» አለኝ። ፍላሽ ላይም አዘጋጅቶ ሰጠኝ።

ሚንት። አበቃ።

(ወይስ ሉቡንቱ?)

ሐሙስ

ሠራ! ሚንት ከፍላሹ ተነሳ። ስክሪኑ ደህና፣ ኪቦርዱ ደህና። የቤዛ ፎልደርም ተከፈተ። የቀረኝ ስፒከሩን መሞከር ነበር፤ መጀመሪያ ያገኘሁትን ፋይል ነካሁ። ድምፁ እስከ ጥግ ተከፍቶ ነበር።

እልልታ! የጓደኛዋ ሠርግ ነው። ቤዛ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ከበሮው ይመታል። አርባዋ እስኪወጣ እኛ ቤት ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም፤ ሳሎን ደግሞ እማዬን ሊያጽናኑ የመጡ ሴቶች ሞልተዋል። ማጥፊያው የት እንደሆነ ጠፋኝ። ጎረቤታችን እትዬ አበቡ «ኧረ በማርያም! በሐዘን ቤት እልልታ? ይሄ ልጅ አበደ እንዴ!» ሲሉ ሰማሁ።

ሳጠፋው እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ።

«እሷ ናት» አለች። ተመልሳ ገባች። ራት አልበላሁም።

ዓርብ

ቁርስ ላይ አጎቴ ላፕቶፑን ጠየቀ። ሁሉንም ነገርኩት። «ታዲያ ፎቶውን በፍላሽ ገልብጠህ ላፕቶፑን ስጠኝ» አለ። እውነቱን ነው፤ ይቻላል።

እማዬ ናት የመለሰችለት። «ወንድምዬ፣ ልብሷን ሰጠሁ። ጫማዋን ሰጠሁ። ይሄን ለእሱ ተወው፣ ይማርበት።»

አጎቴ ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ። «እሺ፣ ለልጄ ሌላ እንፈልጋለን» አለ።

ከሰዓት ፋይሎቹን የያሬድ ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጥኩ። ሦስቱን ከፍቼ አየሁ። ከዚያ አሥር። ከዚያ አላመንኩም፤ ሁሉንም።

ቅዳሜ

አጎቴ በጠዋት ሄደ። መጫን ጀመርኩ። ጥያቄው መጣ፦ ዲስኩን ላጥፋው ወይስ ከዊንዶውሱ ጎን ልቀመጥ? «ከጎን» የሚለውን ሦስት ጊዜ አንብቤ ተጫንኩ።

ቀጥሎ የባለቤቱን ስም ጠየቀኝ። ይሄንን አላሰብኩበትም። «ቤዛ» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። ግቢ ወጥቼ ብርዱን ቀመስኩና ተመለስኩ። የስሙ ሳጥን ባዶውን ይጠብቀኛል። የራሴን ስም ጻፍኩ። የሰው ወንበር ላይ እንደ መቀመጥ ሆነብኝ፤ ግን ጻፍኩት።

አሁን ተነስቷል። ስሜን ጽፎ ተቀበለኝ። ፎልደሯ አለ፤ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ደስ ብሎኛል ልበል? እንጃ። እማዬ ከጓዳ «ሆነልህ?» አለችኝ።

«ሆነ» አልኳት።