«ማስፈጸም» የምትባል ቃል ስለ መጉደሏ

ለተከበሩ የፍርድ አፈጻጸም መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ጉልበትዎም ከአክስቴ ጉልበት የተሻለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ሁለተኛውን ምኞት ያከልኩት ቢሮዎ አራተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑና በአሳንሰሩ ላይ የተለጠፈው «በጥገና ላይ» የሚለው ወረቀት ራሱ ጥገና ስለሚያስፈልገው ነው።

እኔ ዘንድሮ በሕግ የተመረቅሁ የአክስቴ ወኪል ነኝ። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ጎረቤታቸው በስፌት ቤታቸው በር ፊት ግንብ አቆመ፤ ፍርድ ቤትም «ይፍረስ» ብሎ ፈረደ። ይህ ከሆነ ሰባት ወሩ ነው፤ ግንቡ ግን አልሰማም። አክስቴ የሚወጡት በጎን በቀረች ጠባብ ክፍተት ሾልከው ሲሆን፣ ደንበኞች ጨርቃቸውን በግንቡ ላይ ወርውረው ልካቸውን በጩኸት ይናገራሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሙሽራ የወገቧን ልክ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ ተናግራ ሄደች፤ አልተመለሰችም።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መዝገብ ቤትዎ ፋይላችንን ለሦስት ወር ከነክብሩ ስላሳረፈልን። እንዲህ ያለ ዕረፍት ለሰውም አይገኝም።

ሁለተኛ፣ ሁኔታውን አጣርቶ እንዲመጣ የላኩት ሠራተኛ «የአመልካቿ በር ሊገኝ አልቻለም» ብሎ ስለጻፈ። ክሳችን ከመጀመሪያው ይኸው ነበር፤ ከእሱ የተሻለ ምስክር አላገኘንም።

ሦስተኛ፣ በመስኮት ቁጥር ስድስት ስላሉት ወይዘሮ። ውክልናዬን በእርሳስ እየተከተሉ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ ለመክሰስ አለህ፣ ለመከራከር አለህ፣ ይግባኝ ለማለት አለህ። ለማስፈጸም የሚለው የታለ?» አሉኝ። ከኋላዬ የተሰለፉ አንድ ሽማግሌ «ድስቱን ጥዶ እሳቱን ረሳ በሉታ» ሲሉ ሰልፉ ሳቀ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎን ለመውቀስ በጣም ፈልጌ ነበር፤ ደብዳቤውንም የጀመርኩት ለዚሁ ነበር። ነገር ግን ያንን ውክልና ያረቀቅሁት እኔው ነኝ። አክስቴ «በር ላይ ያሉት ማመልከቻ ጸሐፊ ይጻፉልን፣ ሠላሳ ዓመት የሠሩ ናቸው» ሲሉኝ፣ «እሳቸው እኮ ከአሮጌ ወረቀት ነው የሚገለብጡት» ብዬ ሳቅሁ። ሦስት ገጽ ጻፍሁ። «ማናቸውንም» የሚለውን ቃል ሰባት ጊዜ አስገባሁ። ከአሮጌው ወረቀት የማትጠፋውን ያቺን አንዲት ቃል ግን ረሳኋት።

ቤት ስገባ አክስቴ «ምን አሉህ?» አሉኝ። «ያው ቢሮክራሲ ነው» አልኳቸው። እሳቸውም እናንተን ረገሙ፣ እኔን መረቁ። ሁለቱም የተላኩት በተሳሳተ አድራሻ ነበር።

አዲስ ውክልና ደግሞ ሰጪዋ ራሳቸው ቀርበው፣ በሥርዎ ባለው የሰነድ ማረጋገጫ ክፍል መፈረም ነበረባቸው። ማክሰኞ ዕለት አራቱን ፎቅ በየደረጃው እየተቀመጡ ወጡ። በየተቀመጡበትም «አይዞህ፣ የነሱ ጥፋት ነው» እያሉ የሚያጽናኑኝ እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ደረጃ ደረጃውን አይ ነበር። ስንደርስ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ገብተዋል ተባለ። ለሐሙስ ተቀጠርን።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ አሁንም ተስፋ አለኝና። ሐሙስ ዕለት አንድ ሠራተኛ ማኅተሙን ይዞ ምድር ቤት ይውረድ። ማኅተም ጉልበቱን አያመውም።

ከአክብሮት ጋር፣
በመስኮት ቁጥር ስድስት ሰልፍ አሥራ አራተኛው፣
በሕግ ተመርቆ ቃል የጎደለው ወኪል

ማስታወሻ፦ አክስቴ የልብስ ልክ የሚቆርጡት በጋዜጣ ላይ ነው፤ መቀሳቸውንም ሳያነሱ ገጹን ከዳር እስከ ዳር ያነባሉ። ይህ ደብዳቤ ነገ ጠዋት በጋዜጣው ስለሚወጣ፣ በአፌ መናገር ያቃተኝን እዚህ ያገኙታል፤ የሚመጣብኝን እቀበላለሁ። ያን ዕለት አክስቴ የላኩልዎት እርግማንም ወደ እውነተኛው ባለቤቱ፣ ወደ እኔ፣ ይመለሳል። ከሐሙስ በኋላ የሚላክልዎት ግን የራስዎ ነው፤ አድራሻው አይሳሳትም።