ለግሪሳ የመረጥኩት ሞተር

መስከረም 12

ከመቀሌ እስከ ደሴ እንደኔ ሞተር የሚያውቅ ሰው አልተወለደም። እሺ… ከዋጃ እስከ ጎብዬ። ሮቢት ላይ አንድ ሰውዬ አለ፣ እሱ በናፍጣ ሞተር ይበልጠኛል። ትንሽ።

ደብተሩን የሰጠችን የማታ ትምህርት አስተማሪያችን ፈሪሀ ናት። "ፊደሉን ጨርሳችኋል። አሁን በየቀኑ ጻፉ። ስታነቡም ጣታችሁን ፊደሉ ላይ ማስኬድ አትፈሩ" አለችን። ጣት? እኔ ታሂር? አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ በዓይኔ ነው የማነበው።

ዛሬ ሁለት የመስኖ ፓምፕ ጠገንኩ። አንዱ ውስጥ እንቁራሪት ነበረች። በሕይወት።

ከዚያ እህቴ ዚነት ጋ ሄድኩ። ማሽላዋ ወተት ይዟል። የግሪሳ ወፍ ከዋጃ በኩል እንደ ጭስ ሲያልፍ ታይቷል ይላሉ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ይህ አንድ ማሳ ነው፤ የዓመት ቀለቧ። በየዓመቱ ማማው ላይ ወጥታ በወንጭፍ ትጠብቀው ነበር። ዘንድሮ ቀኝ ትከሻዋ አይነሣም።

"አታስቢ እትዬ፣ እኔ አለሁ" አልኳት።

"አንተማ አለህ። ወሬህም አለ።"

መስከረም 14

ደሳለኝ መጣ። የቴክኒክ መምህሩ። የቆመ ጄኔሬተር ይዞ ነው የመጣው፤ ወሬ ወሬን ሲያነሣ ስለ አውሮፕላኑ ነገረኝ። በቀላል እንጨት ራሱ የሠራት፣ ክንፏ ከሁለት ክንድ ትንሽ የሚበልጥ። ከክንፏ ሁለት ቀጭን ሽቦ ይወጣል፣ መያዣው እጅህ ላይ ነው። አንተ መሃል ቆመህ ትዞራለህ፣ እሷ ዙሪያህን ትበራለች። መያዣውን ሽቅብ ስታዘነብል ትወጣለች፣ ቁልቁል ስታዘነብል ትወርዳለች። ማበራየት ማለት ነው… በሬው ሰማይ ላይ ሆኖ።

ይገለብጣታል አሉ። ስምንት ቁጥር ይጽፍባታል። መጻፍማ እኔም ችያለሁ።

ኳስ ሜዳ ላይ ሲያስነሣት ከመስጊዱ ጣሪያ እርግብ የሚባል ጠፋ አለኝ።

"ግሪሳስ?"

"አልሞከርኩም ጋሽ ታሂር።"

"እኔ አውቃለሁ፣ ይሸሻል።" ከየት እንዳወቅኩ አልጠየቀኝም። ደግ ነው።

መስከረም 16

ደሳለኝ ሁለት ሞተር አለው፦ አንዷ ባለ ሁለት ምት፣ አንዷ ባለ አራት ምት። የሚገጠመው ግን አንድ ነው። አሁን ባለ ሁለት ምቷ ናት አውሮፕላኗ አፍንጫ ላይ ያለችው፤ ባለ አራት ምቷን ለመግጠም እንጨቱን እንደገና መቁረጥ ነው። ከተቆረጠ መመለስ የለም።

ባለ ሁለት ምቷ ቀላል ናት። ቫልቭ የላትም፣ የሚበላሽባት ነገር ጥቂት። ትጮሃለች። ግን ሽቅብ ስትወጣ ታለከልካለች፣ ቁልቁል ስትመጣ ጋጣዋን እንዳየች በቅሎ ትፈረጥጣለች። በአራት ደቂቃ ነዳጇን ጨርሳ መሬት ናት። ግሪሳ አራት ደቂቃ ግራር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ምን ቸገረው?

ባለ አራት ምቷ ከባድ ናት። ሰፊ ፕሮፔለር ትፈልጋለች። ቫልቯ በየጊዜው መለካት አለበት። ግን ሽቅብም ቁልቁልም ያው ጉልበት፣ እንደ ግመል። በዚያው ነዳጅ ዘጠኝ ደቂቃ። ነዳጇ ሜታኖል የሚባል አልኮል ነው፤ ደሳለኝ ከስንት ልመና በኋላ ነው የሚያገኘው። ዘጠኝ ከአራት ይበልጣል… ይህን ያለ ማታ ትምህርትም አውቀው ነበር።

"ያደግኩት በባለ ሁለት ምት ነው፣ ጠባይዋን አውቃለሁ" አለ።

"መምህር፣ ቫልቭ ያለው ሁሉ ዘመዴ ነው። ባለ አራት ምቷን ግጠም። አንድ ነገር ብትሆን በእኔ።"

በእኔ አልኩ። ምን አስቸኮለኝ?

መስከረም 20

እንጨቱ ተቆረጠ። አፍንጫዋ ከበዳት፤ ጭራዋ ላይ አንድ ብሎን አሰርንና ተስተካከለች። አራት ቀን ኳስ ሜዳ ላይ አለማመደኝ። መጀመሪያ ቀን በአሥረኛው ዙር ቆቦ ከተማ በሙሉ ዞረ። "መሬት አትይ፣ እሷን ብቻ እይ" አለኝ። እሷን ሳይ ዓለም ቆመ።

መገልበጥ ላይ ገና ነኝ። ተገልብጣለች፣ ግን እኔ አልነበርኩም ያሰብኩት።

መስከረም 23

ጧት ግሪሳው ወረደ። ማማው ላይ ደሳለኝ ወጣ። ማማው ከማሳው ዳር ነው፤ ግማሹ ዙር ማሽላው ላይ፣ ግማሹ ጦም ባደረው መሬት ላይ። ዚነት አውሮፕላኗን በግራ እጇ ይዛ ለቀቀች።

ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። ዱ ዱ ዱ… እንደ ፓምፕ። አይፈራትም አልኩ በልቤ። ጥላዋ ማሽላው ላይ ሲያልፍ ግን ግሪሳው እንደ ምንጣፍ ተነሣ። ጭልፊት መስላዋለች። በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ አንድ ወፍ አልተመለሰም።

ጎረቤቷ ዓሊማ ከአጥሯ ብቅ አለች። "ዚነት፣ የወንድምሽ ወሬ ክንፍ አወጣ?"

ዚነት ሳቀች። ትከሻዋን ካመማት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ዛሬ ነው።

መስከረም 26

ደሳለኝ ለሦስት ቀን ሥልጠና ወልድያ ሄደ። አውሮፕላኗን ለእኔ ተወ! እስከ ዛሬ ነዳጁን ቤቱ በጥብጦ ነበር የሚያመጣው። አሁን ሁለት ጀሪካን ትቶልኛል፦ አንዱ ሜታኖል፣ አንዱ የጉሎ ዘይት። አንድ ወረቀትም። በአማርኛ፣ በእጁ የጻፈው።

ማማው ሥር ቆሜ ገለጥኩት። ዚነት አጠገቤ።

"ምን ይላል?"

"የማውቀውን ነው" አልኩና ኪሴ ከተትኩት።

መስከረም 27

ወደቀች።

ጧት አሥር ዙር እንደ ቅቤ ሄደች። ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነ፣ አፏጨች… ቀጥ። ማሽላው መሃል ገባች። ስደርስ አንድ የክንፍ ጫፍ ተሰብሯል፤ ፕሮፔለሩን በእጄ ብል አይዞርም። ፒስተኑ ነክሶ ይዟል።

ዘይት ነው። በራያ ያለ የፓምፕ ሠራተኛ ሁሉ በእንቅልፍ ልቡ የሚያውቃት ሕግ አለች፦ ባለ ሁለት ምት ዘይቷን ከነዳጇ ጋር ትጠጣለች፣ ባለ አራት ምት ዘይቷ ሆዷ ውስጥ ነው፣ ነዳጇ ንጹሕ ይሁን። በዚህች ሕግ ሃያ ዓመት እንጀራ በልቻለሁ። የጉሎ ዘይቱን ለባለ ሁለት ምቷ የተተወ መስሎኝ አስቀመጥኩት። ሆዷ ላይ ባለችው ቀጭን ቀዳዳ በመርፌ የፓምፕ ዘይት አጠጣኋት። ንጹሕ ሜታኖል ሞላሁ።

ከፍቼ ሳያት ግን ይህች ሆድ የላትም። ዘይት መያዣ የሚባል የላትም። ባለ አራት ምት ሆና ዘይቷን ከነዳጇ ጋር ነው የምትጠጣ። እንዲህ ያለ ፍጥረት አለ?

የደሳለኝ ወረቀት ሦስተኛው መስመር ላይ ዘይት ፈሶበት ፊደሉ ጠፍቷል። እንጂማ አነበው ነበር።

መስከረም 29

ሞተሩን ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክሬዋለሁ። እስካሁን አልለቀቀም። ጧትና ማታ ወንጭፍ እወነጭፋለሁ። ግሪሳው ከዚህ ስጮህ ወደዚያ፣ ከዚያ ስጮህ ወደዚህ። በጎርፉ መውረጃ በኩል ያለውን ጥግ በላው። ዘንጉ ቆሟል፣ ራሱ ገለባ ነው።

ዚነት ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር። ባዶውን የማሽላ ራስ በእጇ አሸት አሸት አድርጋ፣ "አላህ ያለው ነው" ብላ ጣለችው።

መስከረም 30

ደሳለኝ መጣ። ስለ ዘይቱ ነገርኩት። ይጮህብኛል ስል የተሰበረውን ክንፍ አነሣ።

"ወረቀቱ ላይ ጽፌልህ ነበር እኮ ጋሽ ታሂር።"

"ዘይት ፈሶበት… አይነበብም።"

ጭንቅላቱን ያዘ። "ጥፋቱ የኔ ነው። በቃል መንገር ነበረብኝ።" ከዚያ ዚነት ጋ ሄደ። "እትዬ ዚነት፣ ይቅርታ፤ ያ ጥግ የተበላው በእኔ ነው" አላት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ዛፍ ላይ ያለ ወፍ እቆጥር ነበር።

"አንተ ልጅ፣ ምን በወጣህ" አለችው። እኔን አየችኝ። ለምን አየችኝ?

ጥቅምት 2

ፒስተኑ ለቀቀ! በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ጭረቱን አለሰለስኩት። አንድ ጭረት ቀርቷል፣ አይጠፋም። ቫልቩን ለካሁ። ክንፉን ደሳለኝ ጠገነ። ባለ ሁለት ምቷን እንመልስ ይላል ብዬ ነበር፤ አላለም። "ምርጫህ ልክ ነበር" አለ። ይህች ቃል ከስድብ ትከብዳለች።

አንድ እጅ የጉሎ ዘይት፣ አራት እጅ ሜታኖል። ራሴ በጠበጥኩ። ሽታው ሲወጣ ደነገጥኩ፤ ያን ሰሞን ሁሉ ከጭስ ማውጫዋ ሲሸተኝ የነበረው ይህ ነው። አፍንጫዬም ማንበብ አይችልም።

ማታ በረረች። ከቀድሞዋ ትንሽ ደከም ብላለች፣ ግን ዘጠኝ ደቂቃ ሞላች።

ጥቅምት 17

ማሽላው ጠጠረ። ግሪሳ የጠጠረ ብዙም አይወድም፣ መንጋው ተነሥቶ ሄዷል። እኔ ነኝ ያባረርኩት እላለሁ ለሁሉም። ግማሹን እኔ፣ ግማሹን ጊዜው።

ዛሬ ብቻዬን ገለበጥኳት። አስቤ! ዓሊማ አየች። ምስክር አለኝ።

ኅዳር 22

ማሽላው አውድማ ላይ ነው። በሬዎቹ ይዞራሉ። ከዚያ ጥግ በቀር ማሳው ገብቷል፤ ዚነት "እስከ ክረምት ያደርሰኛል፣ አልሐምዱሊላህ" አለች። ያ ጥግ ቢኖር እስከ አዲሱ እህል ያደርሳት ነበር። የቀረውን ከእኔ ጎተራ እሞላለሁ። ይህን ለማንም አላወራሁም፣ እዚህ ብቻ።

ደሳለኝ አውሮፕላኗን ሊወስድ መጣ። ሰጠሁት። ከዚያ ከኪሴ ወረቀቱን አወጣሁ። አመልካች ጣቴን አስቀመጥኩና እሱም ዚነትም እየሰሙ አነበብኩ፦ "ሦስት። ባለ… አራት… ምት… ብትሆንም… ዘይቱን… ከነዳጁ ጋር… ቀላቅል።" ዓሊማ ብትሰማኝ እስከ ጎብዬ ታወራው ነበር። ትስማ።

ደሳለኝ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አነሣው። ገለበጠው። ነጭ ነው፣ ንጹሕ። "የታለ ዘይቱ?" አለ። መጀመሪያ አልሳቀም። ቆይቶ ሳቀ።

ዚነት፣ "እኔማ አውቄ ነበር" አለች። "ወረቀቱ ኪስህ ገብቶ ሲወጣ አላየሁም።"

መስከረም 27 ላይ የጻፍኩትን አልሰርዝም፣ እንደተጻፈ ይቀመጥ። ሌላው ሁሉ እውነት ነው፣ እንቁራሪቷም ጭምር። ዘይት የሚባል ግን ወረቀቱን አልነካውም። ዚነት አጠገቤ ቆማ "ምን ይላል?" ስትለኝ፣ ጣቴን ፊደሉ ላይ ማስኬድ አፍሬ ነው።