በፎቶሽ ስር ያለው ቁጥር

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? አክስቴ፣ እናትሽ ደህና ነች፣ እንዲያውም ወፍራለች ትለኛለች፤ ግን እሷ ሰው ላለማስጨነቅ እንደምትዋሽ አንቺም ታውቂያለሽ። እኛ ደህና ነን። ማለቴ አልታመምንም።

እማዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ለማንም መናገር አልቻልኩም፤ አፌን ታውቂው የለ፣ ሰው ፊት አይፈታም። ከመጀመሪያው ልጻፍልሽ።

የአባዬ አለቃ ቧንቧ ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ ከእንግዲህ ትእዛዝ የሚላከው በስልክ በፎቶና በድምፅ ነው፣ ስማርት ስልክ የሌለው ሌላ ሥራ ይፈልግ አላቸው። የአባዬን ስልክ ታውቂያታለሽ፣ በላስቲክ የታሰረችውን። መልእክት ሲመጣ አንቺ ነበርሽ የምታነቢለት። ከሄድሽ ወዲህ እኔ ነኝ፤ ሥራ ቦታ ስሆን ግን ማን ያንብብለት? ፊደል አለመቁጠሩን ባልደረቦቹ እንዳያውቁበት መነጽሬን ረሳሁ እያለ ነው የኖረው። መነጽር እኮ የለውም።

ስልክ ልንገዛ አብረን ሄድን። ሻጩ ምን ዓይነት ይፈልጋሉ ጋሼ ሲለው፣ አባዬ የማያስቸግር አለው። ሻጩም የማያስቸግር ስልክና የማያስቸግር ሚስት እስካሁን አልመጣልንም ብሎ ሱቁን በሙሉ አሳቀው። አባዬም ሳቀ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

መጀመሪያ ያወጣልን ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ ነበር። በጣት አሻራ ይከፈታል አለን። የአባዬን አውራ ጣት ግን አልቀበል አለ፤ ሲሚንቶና ብረት አሻራውን ልጦታል። በሱሪው ጠረገው፣ እንደገና አስነካው፤ እንቢ። ሻጩ፣ ጋሼ ሌባ መስለውት ነው አለ። ሁለተኛው ድምፁ ደካማ ነበር፤ ውሃ በሚጮህበት ቦታ ማን ይሰማዋል? በመጨረሻ ወፍራም፣ ጀርባው ጎማ የሆነ፣ ቢወድቅ ቶሎ የማይሰበር መረጥን። ሻጩ ጽሑፉን ሁሉ ከፊቱ አጥፍቶ ለአራት ትልልቅ ፎቶ ብቻ ቦታ አደረገለት፤ ፎቶውን ሲነካ ይደውላል፣ ማንበብ አያስፈልግም። አለቃው ገባ፣ አጎቴ ገባ፣ እኔ ገባሁ። አንድ ቦታ ቀረ።

አባዬ ከደረት ኪሱ ያንቺን ጉርድ ፎቶ አወጣና እሷንም አስገባት አለው።

ሻጩ ፎቶሽን አነሳና ቁጥራቸውስ አለ። አባዬ ወደ እኔ ዞሮ ልጄ ታውቀዋለች አለ። በአክስቴ በኩል ደብዳቤ ስለምጽፍልሽ አዲሱ ቁጥርሽም ያለኝ መስሎታል። አክስቴን ለምኜያት፣ አልሰጥም፣ አደራ ብላኛለች እንዳለችኝ አልነገርኩትም ነበር። ሰው ሁሉ ያየኛል። የለኝም ብል እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ይሆናል? ስልኬ ውስጥ ሁለት ሲም አለ፤ አንዱን አባዬም አያውቀውም። የዚያን ሲም ቁጥር ሰጠሁ።

እማዬ፣ በፎቶሽ ስር ያለሁት እኔ ነኝ።

ቤት ስንገባ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። አልቻልኩም። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ደወለ። ልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ ቁልፍ እየተከልኩ ነበር፤ ስልኩን ይዤ መጸዳጃ ቤት ገባሁና አነሳሁት። ቃል አልወጣልኝም። አለሽ ወይ አለ። ግድ የለም፣ ካኮረፍሽ ዝም በይ፣ ብቻ አትዝጊው አለ። ከዚያ ስለ ሥራው ያወራልሽ ጀመር፤ የአንዱን ሰውዬ ውሃ እዘጋለሁ ብሎ የጎረቤቱን እንደዘጋና ጎረቤትየው ሳሙናውን ሳይታጠብ እንደወጣ ሲናገር ራሱ ሳቀ። ቤት ውስጥ እኮ እንዲህ አያወራም።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይደውላል። ሊጨርስ ሲል ሁሌ መቼ ነው የምትመጪው ይላል። ቤት ሲገባ ያፏጫል። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያንቺን ቦታ ባዶ አደረገው። ብነግረው ቅስሙ ይሰበራል፣ ዝም ብል ነገሩ እየከፋ ይሄዳል። እንጀራ አይወርድልኝ፣ እንቅልፍ አይወስደኝ።

ከትናንት ወዲያ፣ እባክሽ ነይ፣ ቤቱ ጭር ብሎብኛል ሲል ሳላስበው እሺ አልኩ። ያቺን ብቻ። ድምፄ ድምፅሽን ይመስላል ይሉ የለ? በእሱ በኩል ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ዘጋው።

ያን ቀን ቤት ገብቶ ራቱን በላ፣ ሣህኑን አጠበ፤ ጠዋት እንደ ልማዱ ምሳዬን ቋጥሮልኝ ወጣ። አበቃልኝ፣ ትመጣለች ብሎ በር በሩን ሊያይ ነው አልኩ። ደብዳቤውን ለመጻፍ የቆረጥኩት ያኔ ነው። እባክሽ ቁጥርሽን ላኪ፣ ወይም አንዴ ደውዪለትና አልመጣም በዪው፤ ክፉም ቢሆን ካንቺ አፍ ይስማው ልልሽ ነበር።

ትናንት እንደገና ደወለ። መቼ ትመጫለሽ አላለም። ልጃችን በእሷ ትምህርት ማቋረጥ ተጣልተን የሄድሽ ይመስላታል፣ የእሷ ጥፋት አይደለም ብለሽ ንገሪያት አለ። እኔ ስነግራት አንገቷን ትደፋብኛለች፣ ለአንቺ ይቀላል አለ። አፌን በእጄ ይዤ አለቀስኩ፤ ሳይሰማኝ አይቀርም። በይ ምሳሽን ብዪ፣ ዛሬ ጨው ሳይበዛበት አልቀረም ብሎ ዘጋው።

አባዬ የቋጠረልኝን ምሳ ዕቃ ከፈትኩት። ጨው በዝቶበታል።

እማዬ፣ ቁጥርሽን የምለምንሽ እስከ ትናንት ለአባዬ ብዬ ነበር፤ ዛሬ ግን ለራሴ ነው።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ፣ የረገጥሽው ይለስልስልሽ፣ ወገብሽን ይማርልሽ።

ልጅሽ