እሸቱን ማን ሰጣት?

ሰኞ

ማሳዬን ሰው ነክቶታል።

መጀመሪያ የረሳሁ መሰለኝ። ትናንት የእርሻ ጨዋታዬን ስዘጋው የጨዋታው ቀን አሥር ነበር። ዛሬ ከፋብሪካ ገብቼ ታብሌቱን ስከፍት አሥራ ሦስት ይላል። ዱባው አንድ ቀን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ ውሎ ጠውልጓል። ሌላው ደኅና ነው። ላሟ ታልባለች፣ ዶሮዎቹ በልተዋል። የምን ሌባ ነው ዶሮ መግቦ የሚሄድ?

ይህ የጨዋታው ወር ሲያልቅ ሦስተኛው ዓመት ይገባል። ያኔ እርሻውን ያወረሱኝ ሟቹ አያት መጥተው ይገመግማሉ፦ ቤት፣ ከብት፣ ገቢ፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ያለ ወዳጅነት። ለእያንዳንዱ አንድ ፋኖስ ይበራል። አራቱም ከበሩ ወርቅ የምትጥል ዶሮ ይሸልሙኛል። ዶሮዋን እፈልጋታለሁ። ለሰው ብናገር ይስቅብኛል። ባለፈው ሳምንት በመሥሪያ ቤት ግምገማ «መካከለኛ» ተባልሁ። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ላይ እንከን ስፈልግ የምውል ሰው፣ መካከለኛ! አንድ ቦታ እንኳ ሙሉ ባገኝ።

ዮናስን ጠየቅሁት።

«እኔ? የተማሪ ፈተና ማረም ያቃተኝ ሰው ዱባ ላጠጣ?» ብሎ ሳቀ።

ባሌ ሲዋሽም ይስቃል።

ማክሰኞ

በቆሎው ደርሶ ነበር። ለገቢው ፋኖስ ልሸጠው አስቤ ብገባ የፊተኛው ረድፍ ተሸልቅቋል። ጎተራ ውስጥ የለም። አልተሸጠም። የመንደሩን ሰዎች አንድ በአንድ አየሁ። ከአጥሬ ቀጥሎ የምትኖረው ቀይ ፀጉሯ ልጅ፣ እኔ ሰላም እንኳ ብያት የማላውቃት፣ ፍቅሯ ጨምሯል። የተቀበለችው ስጦታ፦ በቆሎ።

ዮናስ ዛሬ ከሰዓት ክፍል የለውም። ሐሙስም የለውም። የት ነው የሚውለው? እስከ ዛሬ አስቤው አላውቅም።

አባባን አልጠየቅኋቸውም። የዮናስ አባት ናቸው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲል መሬታቸውን ለወንድማቸው ልጅ በእኩል እንዲያርሰው ሰጥተው ከመራዊ መጡ። ከመጡ ወዲህ ሶፋው ጥግ ተቀምጠዋል። ካልጠየቋቸው አይናገሩም። ስጫወት ከኋላዬ ያያሉ፣ ወይም ያንቀላፋሉ። መለየት አልችልም።

ረቡዕ

ሃያ አንድ ቀን ላይም ማሳው አልጠጣም። በማግሥቱ ደግሞ በቆሎ ጎድሏል። ራት ላይ ዝም ልል ነበር።

«ቀይ ፀጉሯን ምን ብለህ ነው የምትሰጣት?»

«የቷን?»

«የጨዋታዋን።»

«ትርንጎ፣ በካርቱን ነው የምትቀኚብኝ?»

«ከሰዓት የት ትውላለህ?»

ሳቁ ቆመ። «ሐይቅ ዳር። እዚያ አርማለሁ።»

በዚያ ነፋስ? ወረቀት ይዞ? አፌን መያዝ አቅቶኝ ይህንኑ ተናገርሁት። ትራሱን አንሥቶ አባባ ክፍል ገባ። አባባ እንጀራቸውን እያዩ ቀሩ።

ሐሙስ

ፋብሪካው መብራት ጠፍቶበት በጊዜ ተለቀቅን። ባጃጅ ያዝሁ። በሩን ቀስ ብዬ ከፈትሁ። ልይዘው ነው የመጣሁት፣ ለራሴ ልዋሽ አልችልም።

አባባ መነጽራቸውን አድርገው፣ ታብሌቱን ጭናቸው ላይ አስተኝተው፣ በአንድ ጣት ላሟን ያልባሉ።

አዩኝ። ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

«እርስዎ ነዎት?»

ታብሌቱን ወደ ጋቢያቸው ሳብ አደረጉት።

«ዱባውን ታዲያ ለምን አላጠጡትም?»

«በሚካኤል? በማርያም? አገር ምን ይለኛል?»

«በቆሎውስ?»

«እሸት ደርሶ ጎረቤት ሳይቀምስ ይሸጣል እንዴ፣ ልጄ? አጥር የምትጋራሽ ያቺ ቀይዋ አይደለችም? ከሷ ጀመርሁ፣ ለሁሉም አዳረስሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፦ «የዚህ አገር ወር ግን በሃያ ስምንት ያልቃል። ባለ እግዚአብሔርን ምን አደረጉት?»

ሳቅሁ። እንዲህ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ላሟ ጡት፣ ስለ ዶሮዎቹ ቤት፣ ስለ አፈሩ ቀለም። ከዚያ በድንገት ድምፃቸው ወረደ።

«ለዮናስ አትንገሪብኝ። መሬቱን ሰጥቶ በመስተዋት ያርሳል ይለኛል።»

ቃል ሰጠኋቸው። ለዮናስ የምለው እንደማይኖረኝ ከሰጠሁ በኋላ ነው የገባኝ።

ዓርብ

«አንተ እንዳልሆንህ አውቄአለሁ» አልሁት።

«እንዴት?»

«አወቅሁ።»

«ታዲያ ማን ነው? ቤታችን የሚገባ ሰው አለ?»

«ማንም የለም።»

አየኝ። ሰሞኑን እኔ እሱን ሳይ በነበረው ዐይን። ቀን ሰው የሚያስገባ ማን እንደሆነ እያሰበ ነው። መናገር እችላለሁ፤ አንድ ስም ብቻ ነው። አባባ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበውታል።

ቅዳሜ

ዮናስ የበሩን ቁልፍ እንቀይረው አለ። ወደ እኔ ሳያይ ነው ያለው።

የጨዋታው ወር የመጨረሻ ቀን። ዱባው ደርሷል። ዛሬ ካልለቀምሁት ወሩ ሲዞር ይበሰብሳል፤ ያለ ዱባው ደግሞ የገቢው ፋኖስ አይበራም። አባባ ከጥጋቸው «አማኑኤል» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል። ዱባውን ትቼ ዘጋሁት። ለምን እንደተውሁት አላውቅም።

እሑድ

ከምሳ በኋላ ከፈትሁት። ዮናስ ራቅ ብሎ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ሟቹ አያት ነጭ ለብሰው ብቅ አሉ። አባባ በምርኩዛቸው ተነሥተው «ነፍስ ይማር» አሉ፣ ጋቢያቸውንም አስተካከሉ።

ቤት፣ በራ። ከብት፣ በራ። ወዳጅነት፣ እሱም በራ። ገቢ፣ ጨለማ።

«እንዴ!» አሉ አባባ፣ ምርኩዛቸውን እየመቱ። «ከእሸቱ የተረፈውን በቆሎ ሁሉ ሸጬው የለ!»

ዮናስ ቀና አለ። አባቱን አየ፣ ከዚያ እኔን። ጫማውን አድርጎ ወጣ። ተከተልሁት።

ሐይቁ ዳር ጀልባውን የሚጠግን ሰው ከሩቅ ጮኸ፦ «መምህር፣ ዛሬ ወረቀቱስ? ድንጋይ የሚጫንበት የለም?»

ዮናስ እጁን አነሣለት። ቆምን። ነፋስ ነበር።

«ስለ አባባ አልቀየምሽም» አለኝ። «ሳይጠየቁ ሲናገሩ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ።» ከዚያ፦ «እኔን ለመጠርጠር ግን አንድ ረድፍ በቆሎ በቃሽ?»

ከበቆሎው በፊት የሆነ ነገር ፈለግሁ፣ አንድ ምክንያት፣ አንድ ቀን። አጣሁ።

«ነይ እንሂድ፣ ብቻቸውን ናቸው» አለ። ቀድሞኝ አልሄደም፤ እጄንም አልያዘኝም። ከጎኑ ሄድሁ።