ዳገት ላይ ስለተገፋችው ባጃጅ ለኃይል ቁጠባ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ተድላ
የቀበሌያችን የኃይል ቁጠባ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
ቦንጋ፣ መጋቢት 2003 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከግብረ ኃይሉ ደጃፍ የማትጠፋው ፒካፕም እንዴት ሰነበታችሁ እላለሁ። እኛ የዳገት ሰፈር ነዋሪዎች ላምባ በጨመረ ቁጥር ፈጣሪን፣ ቤንዚን በጨመረ ቁጥር ደግሞ እርስዎን እያሰብን ደኅና አለን።

ምናልባት ከረሱኝ፣ ቢሻው እባላለሁ፤ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። ዘመኔን ሁሉ የሌላውን ብሶት ስጽፍ ኖሬ የራሴን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ትሕትና የጎደለው ቦታ ቢያገኙ የእጅ ስህተት ነው ብለው ይለፉልኝ። የእጅ ስህተት ግን አይደለም።

እንደሚታወቀው፣ በከተማው መሐል የቤት ኪራይ ቢያንገፈግፈን ከቦንጋ ጫፍ ዳገቱ ላይ ቦታ ተመርተን የጭቃ ቤቶቻችንን ቀለስን። መብራት በቅርቡ ይገባል ተብለን ነበር፤ በእርግጥም ምሰሶዎቹ ገቡ። ሽቦው እስኪመጣ ድረስ ፍየሎቻችንን አስረንባቸዋል፤ እርስዎም ማስታወቂያዎን ለጥፈውባቸዋል፤ ስለዚህ ሥራ ፈተዋል አይባልም። እንግዲህ በዚህ ሁኔታ የደረሰብንን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የላምባ ዋጋ ሽቅብ በወጣ ጊዜ ስብሰባ ጠርተው፣ በቀን አንድ ጊዜ እንድናበስልና በጊዜ እንድንተኛ ስለመከሩን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ምክሩ ሲደርሰን ኑሮ ራሱ ቀድሞ አስተምሮን ስለነበር ለመፈጸም አልተቸገርንም። የኩራዛችን ላምባ ሲያልቅ ከማንኪራ ገጠር ሰም አስመጥተን ጧፍ ማብራት በመጀመራችን ቤቶቻችን ሳይታሰብ ደብር ሆነዋል። ባለቤቴ በዛወርቅ የልጆቹን የቤት ሥራ ልታይ ስትቀመጥ እንኳ ማማተብ ይቃጣታል። ፕሮቴስታንቱ ጎረቤቴ አሞጽ ሳይቀር ጧፍ አብርቶ ተገኝቶ፣ ፓስተሩ ነገሩን ሊጠይቁት መጥተው፣ በዚያው ብርሃን ራታቸውን በልተው ተመልሰዋል።

ሁለተኛ፣ ደን ይጠበቅ ማለትዎን ከልቤ እደግፋለሁ፤ ልጆቼም ያንን ደን እንዲያዩት እፈልጋለሁ። ሆኖም በዛወርቅ ከጫካው ዳር የወደቀ ጭራሮ ለቅማ ስትመለስ ዘበኛዎ አስቁሞ ሸክሟን አስወረዳት። በምን እናብስል ብላ ብትጠይቀው፣ «በኤሌክትሪክ» አላት። ይህን ሲል የተደገፈው ያንኑ ሽቦ የሌለውን ምሰሶ ነበር።

ሦስተኛ፣ ቤንዚን ሲጨምር የባጃጅ ታሪፍ እጥፍ ሆነ፤ ቆይቶም ባጃጆቹ እስከ ድልድዩ እንጂ ወደ ዳገቱ አንወጣም አሉ። ዳገቱ ቤንዚን ይጠጣል ነው ምክንያታቸው። እውነታቸውን ነው፤ እኛንም እየጠጣን ነው። ዝናብ በጣለ ቀን ቢሮ የሚገባ የሰፈራችን ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ወርዶ፣ ድልድዩ ሥር እግሩን ታጥቦ፣ ከዚያ በኋላ የመንግሥት ሠራተኛ ይሆናል።

እዚህ ላይ ቁጥር መስጠቴን አቆማለሁ፤ ቀጥሎ ያለው ነገር በተራ ቁጥር የሚያዝ አይደለም።

ባለፈው ወር ዝናብ በጣለበት አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የአሞጽን ባለቤት ጥሩሰውን ምጥ ያዛት። ጥሩሰው ከዚህ በፊት በወሊድ ልጅ ሞቶባታል፤ ስለዚህ አሞጽ ደጃፌ ላይ ቆሞ በእጁ ወደ ቤቱ ሲያመለክት ነገሩ ገባኝ። ለባጃጅ ነጂው ለሳሙኤል ደወልኩለት። «ጋሼ፣ ያለችኝ ቤንዚን ዳገቱን አውጥታ አትመልሰኝም» አለኝ፤ ቢሆንም «መጣሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

መጣም። ጥሩሰውን በዛወርቅ ከኋላ አቅፋ ይዛት፣ ቁልቁለቱን ለቁጠባ ሲባል ሞተር አጥፍተን ወረድን፤ በዚህ እንኳ መመሪያዎን አክብረናል። ድልድዩን ተሻግረን መንገዱ ወደ ጤና ጣቢያው ሽቅብ ማለት ሲጀምር ሳሙኤል ሞተሩን አስነሣ፤ ጥቂት እንደሄድን ባጃጇ ሁለት ጊዜ አስሏት ቀጥ አለች። አሞጽና እኔ ከኋላ፣ ሳሙኤል መሪውን እንደያዘ ከጎን ሆነን መግፋት ጀመርን። ጥሩሰው ስትጮህ አሞጽ ይገፋል፤ ዝም ስትል ደግሞ ፈርቶ ይበልጥ ይገፋል።

ከቀበሌው አዳራሽ ፊት ለፊት ስንደርስ ጉልበታችን አለቀ። ፒካፕዎ እዚያ ቆማለች፤ ሞተሯ ይሠራል፤ ሾፌሩ ወንበሩን ዘርግቶ ሬዲዮ ያዳምጣል። ሴት ልትወልድብን ነውና አድርሰን ብዬ ለመንኩት። «ያለ ሰብሳቢው ፈቃድ ጎማዋ አይዞርም፤ እሳቸው ውስጥ ናቸው» አለኝ። ታዲያ ሞተሩ ለምን ይሠራል ስለው፣ «ባትሪው እንዳይሞት» አለ።

ጭቃዬን ይዤ ገባሁ። ክቡርነትዎ ከሰሌዳው ፊት ቆመው ነዳጅን በአግባቡ ስለመጠቀም እያስተማሩ ነበር። ቀጥሎ የተባለውን ሁለታችንም ስለምናስታውሰው አላጋንነውም። ገና አፌን ስከፍት፣ «ጋሽ ቢሻው፣ አስተያየት በመጨረሻ ነው፤ ይቀመጡ» አሉኝ። ሴት በምጥ ተይዛ ደጅ ናት አልኩ። «እሱም ቢሆን በቅደም ተከተል ይታያል» አሉ።

እኔም፣ ያፍራል እንጂ አይዋሽም የሚሉኝ ሰው ነኝና አልደብቅም፣ ለቅጽበት ያህል ወንበር ፈለግሁ። ለሥልጣን መንበርከክ የለመደ ጉልበት እንዲህ ነው፤ በራሱ ይታጠፋል።

ከኋላ ወንበር ግን አዋላጇ ሲስተር ማዕረግ ተነሣች። እርስዎን ሳታይ፣ «የት ናት?» ብላኝ አልፋኝ ወጣች። ከእርሷ ኋላ አንዱ ተነሣ፣ ሌላው ተከተለ፤ የሻይ ሰዓት መስሏቸው የወጡም ነበሩ፤ እስከገፉ ድረስ አልመረመርናቸውም። አዳራሹ ሙሉ ሰው፣ ከነክራባቱና ከነተወለወለ ጫማው፣ በዚያች ባጃጅ ዙሪያ ተረባረበ። ሲስተር ማዕረግ የጥሩሰውን እጅ ይዛ ከጎን እየሮጠች፣ «አንቺ ገና ነሽ፣ እንዳትገፊ። እናንተ ግፉ» ትላለች። ሰው በጭንቅ መሐል ይስቃል ወይ ቢሉኝ፣ ጥሩሰው ራሷ ስቃለች።

ጤና ጣቢያው ደረስን፤ ብዙም ሳይቆይ ሴት ልጅ ተወለደች። አሞጽ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጭቃ በጭቃ በሆነ እጁ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ሳሙኤል ሒሳብ ሲባል እንዳልሰማ ሆኖ ወንበሩን መወልወል ያዘ።

ይህን ሁሉ እንደ ማንኛውም የሰፈር ወሬ ትቼው ነበር። ነገር ግን ባለፈው የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሪፖርትዎን ሲያነቡ፣ «በሥልጠናው ማጠቃለያ ተሳታፊዎች ተሽከርካሪን ያለ ነዳጅ የማንቀሳቀስ ተግባራዊ ልምምድ አድርገው በአመርቂ ውጤት አጠናቀዋል» ብለው አስጨበጨቡ። ልነሣ ስል አሞጽ ክንዴን ያዘኝ። «ተወው፣ ልጅቷ ተኝታለች» አለኝ። እውነትም እናቷ ጉያ ተኝታ ስለነበር ተቀመጥኩ፤ የዋጥኩትን ነው እነሆ እዚህ የጻፍኩት።

የሰፈሩን ጉዳይ በተመለከተ አይጨነቁ። ወላድ ላላቸው ቤቶች ተብሎ አንድ ጀሪካን ቤንዚን በመዋጮ ገዝተን ሳሙኤል ዘንድ አስቀምጠናል። ሲጎድል እየሞላን፣ ለሌላ ጉዳይ ላንነካው ተማምለናል። ይህንንም በሚቀጥለው ሪፖርትዎ የግብረ ኃይሉ ስኬት አድርገው እንደሚያቀርቡት ስለማልጠራጠር፣ እንዳይደክሙ ዓረፍተ ነገሩን እኔው በነፃ ልጽፍልዎ ዝግጁ ነኝ።

ጭቃ የነካውን ባርኔጣዬን ከፍ አድርጌ፣ ወገቤን የቻልኩትን ያህል ዝቅ አድርጌ፣ እርስዎን ከፊት አስቀምጠው ከኋላ በሚገፉት ሁሉ ስም የማያልቅ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

ቢሻው
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ከዳገት ሰፈር

ማሳሰቢያ፦ ሕፃኗ ደኅና ናት። ስታለቅስ ግን ኃይል መቆጠብ የሚባል ነገር ፈጽሞ አታውቅም፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማታል። መጥተው ሥልጠና ቢሰጧት ደስ ይለናል፤ አስተያየቷን በመጨረሻ እንድታቀርብም ሊመክሯት ይችላሉ። መንገዱ በእግር ነው።