ትንፋሽ ያጠረው መጋዝ

ሰኞ፣ ግንቦት 19

የዩኒፎርም ኮሌታ ስሰፋ ዋልኩ። አንዱን ገልብጬ ሰፍቼው እንደገና ፈታሁት። ሌላ ምን... አዎ፣ የግቢያችን ዛፍ። የትናንቱ ዝናብ ሥሩን ከነአፈሩ ብድግ አድርጎታል። ግንዱ ወደ እማዬ ክፍል ጣሪያ አዘንብሏል። ታላቅ ወንድሜ መጣና ዞር ዞር ብሎ አይቶት፣ የአባባ መጋዝ እያለ ምን ያሳስባችኋል አለ። ሰፈሩ "ሊቁ" ይለዋል። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የሞተር መጋዙን ከእማዬ አልጋ ሥር ጎትቶ አወጣው። አባባ ካረፈ ወዲህ በዓመት አንዴ ቢነሳ ነው። ተነሳ፣ ቅርንጫፍ ቢጤ ቆረጠና እህህ ብሎ ጠፋ። ካንዴላ ነው፣ እሳት አይሰጥም አለ። ሳይፈታው፣ ሳያየው... ካንዴላ ነው፣ አለቀ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 20

አዲስ ካንዴላ ገዝቶ መጣ። ያው ነው። ይነሳል፣ ትንሽ ይሠራል፣ ይሞታል። አረፍ ሲል ደግሞ ይነሳል። አሁን ደግሞ "ሞቆት ነው" ሆነ። ካንዴላውስ ምን ሆነ? አይጠየቅም። ቤንዚን እየደረሰው አይደለም፣ እንደተራበ ሰው እኮ ነው የሚዝለፈለፈው፣ አልኩ።

"አንቺ መርፌሽን ያዢ" አለኝ።

ያዝኩ። በሆዴ ግን ስንቱን ሰደብኩት።

እማዬ እኔ ክፍል እንድትተኛ ለመንኳት። እምቢ አለች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 22

ሊቁ ችግሩ ቤንዚን መሆኑን ደርሶበታል። የራሴን ቃል ለራሴ ሲያስረዳኝ ዋለ። አቤት ትዕግሥቴ!

ጀሪካን ውስጥ የከረመውን ቤንዚን አሸተትኩት፣ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይላል። ደፋነው። አዲሱን ከዘይት ጋር በዓይን ግምት ሊቀላቅል ሲል ከእጁ ቀምቼ በሽሮፕ መለኪያ ለካሁ። ተነሳ። ሊቁ ጎረቤት እንዲያየው ደረቱን ነፋ። ጠፋ። የቤንዚን ማጣሪያ ፊልትሮውን ከታንኩ ውስጥ በሽቦ ጎትተን አወጣነው፣ ጭቃ የመሰለ ነገር ይዟል። አጥበን መለስነው። ተነሳ... ጠፋ። ሊቁ መጋዙን አየው፣ እኔ ሊቁን አየሁት። "እንደ ወንድምሽ ሁኚ" እየተባልኩ ያደግኩት በዚህ ሰውዬ ነው?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 24

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ፈታቶ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። ሰፍቼ የጨረስኩትን ዩኒፎርም በዚያ በቅባት እጁ ወደ ጎን ገፍቶ። አንዲት ስፕሪንግ ተስፈንጥራ ጠፋች። ጎልማሳ ሰው በእጁና በጉልበቱ ሶፋ ሥር ሲድህ... እማዬ "ልጄ እንዴት ደከመ" ትላለች። ስፕሪንጓን ያገኘኋት እኔ ነኝ። አመሰገነኝ? ሞኝ ነሽ። መልሶ ገጠመው። በሽታው ያው።

እሑድ፣ ግንቦት 25

ነፋስ። ትልቅ ቅርንጫፍ እማዬ ጣሪያ ላይ ወደቀ፣ ቆርቆሮው ጎደጎደ። ሮጬ ስገባ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ሻርፗን ታስተካክላለች። እጇን ይዤ ጎተትኳት።

"አልወጣም" አለች። "ከወጣሁ ልጄ አልቻለም ማለት ነው።"

አልቻለማ! ይሄን በሆዴ ነው ያልኩት። መጋዝ ያለው ሰው እንቅጠር ስላት፣ ወንድምሽን ልታዋርጂው ነው ብላ ፊቷን አዞረች። ለእሱ ኩራት ብላ ልትሞት ነው። ምን ዓይነት ቤት ነው ይሄ?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 27

ተገኘ። መጋዙ እንደ ልማዱ ጠፋበትና ጥሎት ሊታጠብ ገባ። ቤንዚኑ አልቆ ይሆን ብዬ የታንኩን ክዳን ስፈታ ፍስስ ብሎ አየር ሳበ። ዘግቼ ገመዱን ብስበው ወዲያው ተነሳ። እንዴ? ክዳኑን ገልብጬ አየሁት። አየር የምታስገባዋ ትንሽ ቀዳዳ ድፍን ብላለች። ጫር ጫር አድርጌ አሸተትኩት... የልብስ ሳሙና። ለካስ ታንኩ አየር ካልገባው ቤንዚን አይለቅም። ክዳኑን በከፈትን ቁጥር ትንሽ የሚሠራልን ለዚህ ነበር።

እማዬን ጠየቅኳት። አዎ፣ እሷ ናት። ከአልጋዋ ሥር የቤንዚኑ ሽታ ራሷን ሲያዞራት፣ የሚያንጠባጥብ ጀሪካን በሳሙና እንደምትደፍነው ደፈነችው። ለምን አልነገርሽንም ስላት፣ ማን ጠየቀኝ አለች።

ቀዳዳውን ጠርጌ ሳሙናውን ለሁለቱም አሳየሁና መጋዙን ለሊቁ ሰጠሁት። አንዴም ሳይጠፋ ጨረሰ። ዛፉ በግቢው በር በኩል ተጋድሟል፣ ጣሪያው ተርፏል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 28

ጎረቤት ግንዱን ሊያይ ይመጣል። ሊቁ ለመጣው ሁሉ "ካርቡራተሩን ካስተካከልኩት በኋላ" እያለ ያወራል። እማዬ ደግሞ አጠገቡ ቆማ፣ ልጄ ጠገነው ትላለች። ቀዳዳውን በሳሙና የደፈነችው ራሷ ሴትዮ! እስኪሄዱ ጠብቄ ለምን እንደምትዋሽ ጠየቅኳት። አልደነገጠችም።

"አንቺ ማንም ባያመሰግንሽም ትኖሪያለሽ" አለችኝ። "እሱ አይችልም።"

የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ግን አልሰፋሁም። ታውቅ ኖሯል ማለት ነው። የእሱንም አለመቻል፣ የእኔንም ልፋት። ይሄን ሁሉ ዓመት... አልቅሻለሁ፣ ለራሴ ምን እዋሻለሁ።

እራት ላይ ካርቡራተሩን እንደገና ጀመረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳህኔን ይዤ እነሳ ነበር። "ጎበዝ" አልኩት። ፊቱ በራ፣ እንደ ትንሽ ልጅ፣ እጁ ላይ ያለውን ጉርሻ ረሳው። አሳዘነኝ። ያን ጊዜ ነው የተናደድኩት። እንደ ልቤ የምንቀው አንድ ወንድም ነበረኝ። እሱንም እማዬ ወሰደችብኝ።